ሞተሩ ይጮኻል፣ ዳገቱ ግን አልወጣ አለ፦ የፊቱን ጥርስ ልቀይር?

ባለ150 ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዝቻለሁ። አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ካርቡራተር ያላት፣ አምስት ማርሽ ናት። ሜዳ ላይ እንከን አላወጣላትም። ሰው አፈናጥጬ ዳገት ስጀምር ግን በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጨምርላት ድምጿ ሽቅብ ይወጣል፤ የፍጥነት መቁጠሪያው መርፌ ካለበት አይነቃነቅም። ወደ ሦስተኛ ስመልሳት ትንሽ ትሻላለች።

ጓደኞቼ ሦስት ነገር መክረውኛል፦ ካቴናውን (ሰንሰለቱን) የሚያዞረውን የፊቱን ባለ 15 ጥርስ በባለ 14 መቀየር፣ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን መክፈት፣ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ሆድ ዕቃ ማውጣት። የኋላው 43 ጥርስ ነው፤ ካቴናው 428 ይላል። ከየትኛው ልጀምር? ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብሠራውስ?

ዳገት ወዳድ መለሰ፦

ከጥርሱ ጀምር። 43 ለ15 ሲካፈል 2.87 ይመጣል፣ ለ14 ሲካፈል 3.07፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከኋላ ሦስት ጥርስ እንደጨመርክ ቁጠረው። የምትከፍለው በፍጥነት ነው፦ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትሄድ ከነበረ በዚያው ዙር 56 ትሄዳለች። የፊቱ ዳዶ አልፈታ ካለህ ካቴናውን ሳታወልቅ ማርሽ አስገባና አንድ ሰው የኋላውን ፍሬን ይርገጥልህ። እኔ ባለ 14 ካስገባሁ ወዲህ ወደ ኋላ አላየሁም።

የድሮ ቁልፍ መለሰ፦

ወንድሜ ዳገት ወዳድ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ በሽታው ግን ሌላ ነው። ጠያቂው የጻፈውን መልሳችሁ አንብቡት፦ ድምጿ ይወጣል፣ መርፌው አይነቃነቅም። ጉልበት ያነሳት ሞተር ዳገት ላይ ድምጿም አብሮ ይወርዳል፤ ታቃስታለች እንጂ አትጮኽም።

ማርሽ ከገባ በኋላ ሞተሩና የኋላው ጎማ በጥርስ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሳይፈጥን የሚቀርበት መንገድ የለም፤ በመካከላቸው የሚንሸራተት ነገር ካልኖረ በቀር። ካቴና ጥርስ ቢዘል ከእግርህ ሥር ሲንኳኳ ትሰማዋለህ። ጎማው በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ያውም ሁለት ሰው ተጭኖበት፣ በ150 ሲሲ ጉልበት ባለበት አይሽከረከርም። የቀረው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል።

አሁን ባለ 14ቱን ብታስገባ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ትሻልሃለች! ያንኑ ዳገት ለመውጣት ፍሪሲዮኑ የሚሸከመው ጉልበት በዚያው 7 በመቶ ስለሚቀንስ መንሸራተቱ ለጊዜው ይቆማል። አንተም ችግሩ ተፈታ ብለህ ደስ ብሎህ ትነዳለህ። ሸራው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ ውስጥ በሰበቃ የሚይዘው ዲስክ፣ ግን ማለቁን አላቆመም፤ በሸራዎቹ መካከል ያለው የብረት ዲስክም እየሞቀ ይጎብጣል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ዓይነቱ ማሻሻያ ነው፤ በሽታውን ሸፍኖ ያሳድገዋል።

ስለዚህ ጥርሱን ተወውና መጀመሪያ አረጋግጥ። ሜዳና ባዶ መንገድ ላይ፣ ሞተሯ በደንብ ከሞቀች በኋላ፣ በአምስተኛ ማርሽ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄድክ ነዳጁን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ክፈት። ፍሪሲዮኑ ደህና ከሆነ ድምፁና ፍጥነቱ ተያይዘው ቀስ ብለው ያድጋሉ። ድምፁ ተፈትልኮ ወጥቶ ፍጥነቱ ከኋላው እየተጎተተ ከመጣ መልስህን አግኝተሃል። አትደጋግመው፤ በተንሸራተተ ቁጥር ሸራ ይቃጠላል። ብርድ ላይ ደግሞ አትፈትናት፤ ሳትሞቅ ልትደብቅህ ትችላለች።

ከተረጋገጠ በኋላ ከቀላሉ ጀምር፣ ከገመዱ። የፍሪሲዮኑን መያዣ በሁለት ጣት ብቻ ሳብ አድርገው። መጀመሪያ ምንም ሳይከብድህ የሚመጣ ልል ቦታ አለ፤ ከዚያ የፍሪሲዮኑ ሞላ (ስፕሪንግ) ክብደት ጣትህ ላይ ያርፋል። ያ ልል ቦታ በመያዣው ጫፍ ሲለካ በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የራስህ ሞተር መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ስማ። ልልነቱ ከጠፋ አንተ እጅህን ባታሳርፍበትም ገመዱ ራሱ ፍሪሲዮኑን ከፈት አድርጎ ይዞታል። ሸራ ባለቀ ቁጥር ልልነቱ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ለረጅም ጊዜ ማንም ያልነካው ገመድ እንዲህ መሆኑ አይገርምም። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙረህም ለካው፤ ገመዱ በማይሆን ቦታ ተላልፎ ከሆነ መሪው ሲዞር ይወጠራል።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። የቀድሞው ባለቤት ምን እንደሞላባት ታውቃለህ? መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ፍሪሲዮኑን አይነካውም። በአንተ ዓይነት ሞተር ሳይክል ላይ ግን ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ይጠጣሉ። ነዳጅ እንዲቆጥቡ የተሠሩ የመኪና ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም አለባቸው፤ የፍሪሲዮን ሥራ ደግሞ ሰበቃ ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት የሞተር ሳይክል ዘይት የራሳቸውን ደረጃ ያወጡት ለዚሁ ጣጣ ነው። ቆርቆሮው ላይ የዚያን ደረጃ ምልክት፣ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2) የሚል ፈልግ። ኤምቢ የሚለው ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ለማይገባ ስኩተሮች ነው፤ እንዳያሳስትህ። ውፍረቱን፣ 10ደብልዩ-40 ይሁን 20ደብልዩ-50፣ ከመመሪያው ውሰድ፤ በዚህ ላይ መንደር ለመንደር ክርክር አልወድም። መጠኑንም ሞተሯን ቀጥ አድርገህ አቁመህ እይ፤ በጎን መቆሚያዋ ዘንበል ብላ ሳለ የሚነበብ ልክ ውሸት ነው።

ስለ ማርሚታው ምንም አልልም። ብናገር አላበቃም።

ሰማያዊ ታንክ መለሰች፦

እሱ ካልተናገረ እኔ ልናገር። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከፍተህ ማርሚታውንም ባዶ ካደረግህ፣ ካርቡራተሩ የሚለካው ቤንዚን የድሮው ሆኖ አየሩ ይበዛል። ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል። ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ብትፈታው ጫፉ እንደ ቡና በወተት መሆኑ ቀርቶ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። በአየር የምትቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ሙቀቷን የምታስወግድበት ሌላ መንገድ የላትም። ከፈለግህ ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ሰፋ ባለው እየቀየርክ፣ ካንዴላውን እያየህ ማስተካከል አለብህ። ከዚያም ሁሉ ድካም በኋላ በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት፣ ማለትም ለዳገት የምትፈልገው ያው ጉልበት፣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በተጨማሪም አንድ ላይ ሦስት ነገር ቀይረህ ብትበላሽ የቱ እንዳበላሻት በምን ታውቃለህ?

ባለ150፦

ጋሼ የድሮ ቁልፍ፣ እጅዎን ይባርከው። የፍሪሲዮኑ መያዣ ልልነት የሚባል ነገር ፈጽሞ አልነበረውም፤ ገና ሲነካ ሞላው ይሰማል። መያዣው አጠገብ ያለው ማስተካከያ እስከ ዳር ወጥቶ ነበር፤ ወደ ውስጥ መልሼ አላላሁት። የቀድሞውን ባለቤት ስለ ዘይቱ ደውዬ ብጠይቀው ከመኪናው የተረፈውን ይሞላባት እንደነበር ነገረኝ። ቀይሬ ኤምኤ2 ሞላሁ። ዳገቱን አሁን በአራተኛ ትወጣለች። በአምስተኛ እርስዎ ባሉት መንገድ ስፈትናት ግን አሁንም ትንሽ ትፈተለካለች። ማርሚታውን ትቼዋለሁ፤ እህቴ ሰማያዊ ታንክ አሳመነችኝ።

የድሮ ቁልፍ መለሰ፦

ማስተካከያው እስከ ዳር ወጥቶ ነበር ማለትህ ብዙ ይናገራል። የቀድሞው ባለቤት የሚያውቀው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ ማጥበቅ። ሞተሯ እንዲያ ታስራ ምን ያህል እንደተነዳች አናውቅም፤ ስለዚህ መክፈትህ አይቀርም።

አትፍራ፤ ካምቢዮ መፍታት አይደለም። በአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሪሲዮኑ በቀኝ በኩል ካለው ክዳን ሥር ነው። ሞተሯን በጎን መቆሚያዋ ወደ ግራ ካዘነበልካት ዘይቱ ወደዚያ ስለሚሸሽ፣ ገና ትናንት የሞላኸውን ሳታፈስ መክፈት ትችል ይሆናል፤ ሆኖም ዕቃ ከሥር አድርግ። የክዳኑን ብሎኖች ርዝመት ልብ በል፤ አንድ ዓይነት አይደሉም። ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥለህ እያንዳንዱን በቦታው ውጋው። አዲስ የክዳን ማሸጊያ ወረቀትም ሳትከፍት በፊት አዘጋጅ።

የሞላዎቹን ብሎኖች በአንድ ጊዜ አንዱን ጨርሰህ አትፍታ፤ በመስቀለኛ እየተዘዋወርክ ጥቂት ጥቂት አላላቸው። ስታስርም እንዲሁ። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ከሆኑ ከ10 ኒውተን ሜትር አካባቢ በላይ አይፈልጉም፤ የሚይዙት ክር ደግሞ አልሙኒየም ላይ ሊሆን ስለሚችል ጡንቻህን እዚህ አታሳይ።

ከዚያ ሦስት ነገር ለካ። የሞላዎቹን ርዝመት፤ በሙቀት የደከመ ሞላ ያጥራል። የሸራዎቹን ውፍረት በካሊፐር፤ በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን። የብረት ዲስኮቹን ደግሞ መስታወት ላይ አስተኝተህ ክፍተታቸውን እይ፤ ብዙ መመሪያዎች ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የጎበጠ ዲስክ አይቀበሉም። ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ብረት ካየህ በጣም ሞቆ ነበር ማለት ነው። ሸራዎቹ የሚንሸራተቱበትን የቅርጫቱን (የፍሪሲዮኑን ውጫዊ ቤት) ጣቶችም በጥፍርህ ዳስሳቸው። ሸራው በልቶ ጎድጓዳ ካበጀባቸው ፍሪሲዮኑ ሲያዝ ተጣብቆ ይቀራል፣ አለቃቀቁም መንገጫገጭ ይሆናል።

አዲስ ሸራ ከገዛህ በደረቁ አታስገባው። በምትሞላው ዘይት ውስጥ አሳድረው።

ዳገት ወዳድ፦

ተሸነፍኩ። ግን ፍሪሲዮኑ ከተሠራ በኋላ ባለ 14 ይፈቀድለታል ወይስ አሁንም ኃጢአት ነው?

የድሮ ቁልፍ፦

ይፈቀድለታል እንጂ! ሁልጊዜ ሁለት ሰው የሚጭን፣ አምስተኛ ማርሽን አልፎ አልፎ ብቻ የሚነካ ሰው ባለ 14 ይጠቅመዋል። ዳሩ ግን አዲስ ጥርስ አሮጌ ካቴና ላይ መጫን አዲሱን ማስበላት ነውና ካቴናውን መጀመሪያ ይለካ። 428 ማለት ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናው ተወጥሮ 21 ፒን ቁጠርና ከመጀመሪያው መሐል እስከ መጨረሻው መሐል ለካ፤ አዲስ ሲሆን 254 ነው። 259 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ካቴናውንና ሁለቱንም ጥርሶች አንድ ላይ መቀየር ነው። የፊቱ ሲያንስ ካቴናው ትንሽ ስለሚላላ የኋላው ጎማ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ስትስበው በሁለቱም በኩል ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን እይ። የፍጥነት መቁጠሪያህ ከፊት ጎማ የሚያነብ ከሆነ አይነካውም፤ ከካምቢዮው የሚያነብ ከሆነ ግን ከእውነቱ 7 በመቶ አስበልጦ ይነግርሃል።

ባለ150፣ ካሊፐር ከሌለህ አትግዛ፤ በሚቀጥለው ስብሰባችን የእኔን ይዤ እመጣለሁ። ሸራዎቹንና ሞላዎቹን ከወጡበት ቅደም ተከተል ሳታፋልስ በሽቦ አስረህ አምጣቸው። በቤንዚን እንዳታጥባቸው፣ በጨርቅ ጠርጋቸው ይበቃል።