የአረጋውያን ምሳችን በዚህ ኮሮና እንዴት ይቀጥል?

የጉለሌዋ (ሚያዝያ 3/2012)
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰፈራችን ውስጥ ጧሪ የሌላቸው ወደ ስልሳ የሚጠጉ አረጋውያንን ምሳ የምናበላ ትንሽ ማኅበር አለችን። ሁለት ደሞዝተኛ ወጥ ሠሪዎች አሉን፣ ሌላው ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ሲባል በር ላይ ቧንቧ ያለው ጀሪካን አስቀምጠን፣ ወንበር አራርቀን ቀጠልን። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ አዳራሹም ተዘጋ። በዚያ ላይ ዋናው ገቢያችን ለልደቱ ወይ ለእናቱ ሙት ዓመት ብሎ የአንድ ቀን ምሳ የሚችል ሰው ነበር፤ እሱም ቀረ። ግማሹ ኮሚቴ "ዱቄት፣ ዘይትና ሽሮ አከፋፍለን እንረፍ" ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። እናንተ ሰፈር እንዴት ይዛችሁታል?

የእድር ጸሐፊ
እህቴ፣ ደረቁን ማከፋፈል አትናቁት፣ ጣጣው ትንሽ ነው። ለመሆኑ የእድራችሁን ዳኛ አነጋግራችኋል? ለቅሶ ቤት መቀመጥ ስለቀረ የእኛ ድንኳን፣ ብረት ድስትና ሳፋ ሁሉ ሥራ ፈቶ መጋዘን ተቆልፎበታል። ለሰፈሩ በጎ አድራጊዎች አውሰናል። ደግሞ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን ልጅ ዐረብ አገር ሆኖ ብር መላክ እንዳቆመ ከእድር መዝገብ በላይ የሚያውቅ የለም። የተቸገሩት ድሮ ከምታበሏቸው ሰዎች ይበዛሉ፤ ዘንድሮ የቀን ሠራተኛውም ቁጭ ብሏል።

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው
ጸሐፊ፣ ይቅርታ፣ በደረቁ ነገር አልስማማም። ዱቄት ለማን ነው የሚሰጠው? ዐይኗ ለደከመ፣ ከሰል መግዣ ለሌላት፣ ምድጃ ሥር ጎንበስ ማለት ለማትችል አሮጊት አምስት ኪሎ ዱቄት ምን ያደርግላታል? ጎረቤት ሊጋግርላት ይችል ይሆናል፣ ጎረቤትም በሽታውን ፈርቶ በሩን ዘግቷል። ስለዚህ ለሁለት ክፈሏቸው፤ ማብሰል ለሚችል ደረቁን፣ ለማይችል የበሰለ ምግብ ቤቱ ድረስ።

ለየአንዳንዱ ሰው ሁለት ምሳ ዕቃ ይኑር። ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙን ጻፉበት። የዛሬውን ስታደርሱ የትናንቱን ትቀበላላችሁ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። አመላላሹ በየቀኑ አይቀያየር፤ አንድ ልጅ ሁሌ የራሱን ቤቶች ብቻ ይዞር፣ እሱ ካሳለው ሌላው አይነካካም። ማስክ አድርጎ ምሳ ዕቃውን ደጃፍ ላይ ያስቀምጥ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ወደኋላ ይበልና እዚያው ቆሞ ያውራቸው። እባካችሁ አስቀምጦ አይሩጥ! ምሳው ላይ ሲሰበሰቡ ማን እንደከሳ፣ የማን እግር እንዳበጠ ታዩ ነበር፤ አሁን ያንን የሚያይላቸው ይሄ ልጅ ብቻ ነው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ማን እንደጨረሰ ይጠይቅ፣ የሁለት ሦስት ወሩን ባንዴ እንዲሰጧቸው ጤና ጣቢያውን አናግሩ። ትኩሳትና ሳል ያለበት ካለ 8335 ደውሉ፣ ነጻ ነው።

ምን አገባኝ
ሰው በቫይረሱ ሳይሆን በረሃብ ነው የሚያልቀው። አዳራሹን ክፈቱና አብሉ በቃ።

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው
@ምን አገባኝ፣ ስልሳ ሽማግሌ አንድ ቤት ውስጥ? ስምህን ወድጄዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከሜሪላንድ ነኝ። እኛም ቤት ከተቀመጥን ሰንብተናል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ዝግ ነው፣ ፋሲካን በዩቲዩብ ልናስቀድስ ነው። እዚህ ብዙ አበሻ ታክሲና ኡበር ላይ ስለሆነ ገቢው ወርዷል፣ እንደ ድሮው አትጠብቁ። ግን ያቺን የልደት ምሳ ለምን ታስቀሯታላችሁ? "የአንድ ቀን ምሳ ይህን ያህል ብር ነው፣ ቀን ምረጡ" ብላችሁ በማኅበሩ አካውንት ተቀበሉ። በሰው የግል አካውንት አይሁን፣ ለሐሜት በር ይከፍታል። ስትልኩልን ደግሞ የደረሰኙን ፎቶ ላኩ። ዘይት ይዘው የቆሙ አዛውንት ፎቶ አታሳዩን፣ ፌስቡኩ በሱ ሞልቷል፣ እኔ በበኩሌ ያመኛል።

የጉለሌዋ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኮሚቴው ለሁለት በመክፈሉ ተስማምቷል፤ የእድራችን ዳኛም ብረት ድስቱን በሌሎች እድርተኞች ፊት አስፈርመው እንደሚሰጡን ነግረውናል፣ ማስፈረማቸውን ወድጄላቸዋለሁ። ታክሲ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ስለሆነ አመላላሾቹን በእግር ከሚደርሱበት ቤት ጋር ብቻ አገናኘናቸው። ረመዳን ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚገባ ለሙስሊሞቹ እናቶችና አባቶች ምግቡን ወደ ማታ፣ ለማፍጠሪያ እናደርሳለን። አንዷን እናት አከራያቸው ውጪ ብሏቸው ነበር፣ በአዋጁ ተከራይ ማስወጣት ክልክል መሆኑን ወረዳው ሄዶ ነገረው።

አሁን ያጠረን ምሳ ዕቃ ነው። መርካቶ ዋጋው አይቀመስም። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ስለተዘጋባቸው ቤት የተቀመጠ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ልጆቹ መጥተው ይወስዳሉ። የፕላስቲኩ የሽሮውን ሽታ አይለቅም፣ ብረቱ ይሻለናል።