ዳገትና ዛፍ የበዛበት ሐይቅ ዳር ቤት ልንገባ ነው፣ ዕቃ አጓጓዦቹን ምን ልጠይቃቸው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤት እንቀይራለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ ነን። አሁን የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምንገባበት ቤት ሐይቅ ዳር፣ ዛፍ በሸፈነው ኮረብታ ላይ ከተሠሩት አንዱ ነው። መጀመሪያ ቀን ስናየው ልባችን እዚያው ቀረ። ዓይናችን ውሃው ላይ ስለነበር መንገዱን ማናችንም ልብ አላልነውም።

ባለፈው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩና መንገዱን በእግሬ ሄድኩበት። ከመግቢያው በር በኋላ ዳገት ነው። ሁለት ቦታ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ቁልቁል ይወርዳል። ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ቅርንጫፋቸውን ገጥመው መንገዱ ላይ ጣራ ሠርተዋል። ቤቱ ከመንገዱ በታች ነው። ከመንገዱ ዳር እስከ በረንዳው ድረስ 34 የድንጋይ ደረጃ ቆጠርኩ። ደረጃው መሀል ላይ ይታጠፋል። በጎን በኩል ጠጠር የፈሰሰበት የመኪና መግቢያ አለ፤ ጠባብ ነው፣ ታች ሲደርስም መዞሪያ የለውም።

ሦስት ድርጅቶች ጠየቅኩ። አንደኛው በስልክ "ስንት ክፍል ነው?" አለኝ። አራት አልኩት። ወዲያው ዋጋ ነገረኝ። ሁለተኛው የዕቃ ዝርዝር ጽፈሽ ላኪ አለኝ። ሦስተኛዎቹ ሁለቱንም ቤት ሳናይ ዋጋ አንሰጥም ብለው ለረቡዕ ቀጠሩኝ። የመጀመሪያው ዋጋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባለቤቴ ወደ እሱ አዘንብሏል። የእኔ ልብ ግን አላረፈም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ነው። በእግር የሚሠራው፣ ከታች ከባድ የብረት እግር ያለው። እኛን ያሳደገችን በእሱ ነው። ሌላው ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን፣ ትልቅ ፍሪጅና ወደ 40 ካርቶን መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የገባችሁ ወይም በሥራው ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ (ለ11 ዓመት ጫኝና አውራጅ፣ ኋላም ሹፌር ሆኜ ከሠራሁት)

እህቴ፣ የረቡዑን ቀጠሮ እንዳትሰርዢው። ክፍል ቆጥሮ ዋጋ የነገረሽ ሰው ሜዳ ላይ ያለ ቤት ነው በሐሳቡ የሳለው። የአንቺ ቤት ሥራ የሚቆጠረው በክፍል ሳይሆን በደረጃ ነው። እስቲ መጽሐፉን ብቻ አስቢው። ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ካርቶን ይዞ ቢወርድ 40 ምልልስ ነው። 40 ጊዜ 34 ደረጃ 1,360 ደረጃ ይሆናል። ያ መውረዱ ብቻ ነው፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ባዶ እጁን ይወጣል። ገና ቁም ሳጥኑ አልተነካም።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። ትልቁ የዕቃ መኪና ከመሬት እስከ ጣራው ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ሲጫን ክብደቱ 11 ቶን ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ረጅም እንጨት ያዢና አራት ሜትሩ ላይ ምልክት አድርጊ። ከመግቢያው በር ጀምረሽ ዝቅ ካሉት ቅርንጫፎች ሥር እያቆምሽ ለኪ። ከዝናብ በኋላ ብትለኪ ጥሩ ነው፣ ቅጠል ውሃ ሲይዝ ቅርንጫፉ ይወርዳል። እኔ አንድ ጊዜ ጠዋት በሰላም የገባሁበትን መንገድ ከሰዓት ዝናብ ጥሎ መውጣት አቅቶኛል።

ቁልቁለቱንም ለኪው። ስልክሽ ላይ የውሃ ልክ የሚያሳይ መተግበሪያ አይጠፋም። ቀጥ ያለ ጣውላ መንገዱ ላይ አስተኝተሽ ስልኩን በላዩ አድርጊ። ስምንት ዲግሪ ተኩል ካሳየሽ በ100 ሜትር ውስጥ 15 ሜትር ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። የተጫነ ትልቅ መኪና ይዤ እዚያ ላይ እንድወርድ ብትጠይቂኝ መጀመሪያ በእግሬ ሳላየው እሺ አልልም። በከባድ ማርሽ ካልወረድሽ ፍሬን ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይታመንም።

ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይህ ነው። ትልቁ መኪና ከላይ ሜዳ ቦታ ይቆማል፣ ትንሽ መኪና ዕቃውን እየተቀበለ ታች ያመላልሳል። እንዲህ ከሆነ ጥያቄሽ ትንሹን መኪና ማን ያመጣል፣ ዋጋው ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ስንት ሰው ይመጣል የሚለው ይሁን። ለዚህ ቤት ሦስት ሰው አይበቃም። ሁለቱ ላይ ሲያቀብሉ ሌሎቹ ታች መቀበል አለባቸው። መኪናው በቆመበት ሁሉ ለጎማው ታኮ ይደረግለት። የእጅ ፍሬን ብቻውን ዳገት ላይ አይበቃም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ዳገት ሲወጣ ዕቃው ሁሉ ወደ ኋላ ወደ በሩ ይጫናል። ቁልቁለት ላይ ወደ ሹፌሩ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አንዴ ማሰር አይበቃም፣ በየረድፉ በቀበቶ ይታሰር። ደርሰው የኋላውን በር ሲከፍቱም ልጆችሽ እዚያ አጠገብ እንዳይቆሙ።

የእናትሽን የስፌት መኪና በተመለከተ አትጨነቂ፣ ይፈታል። መጀመሪያ የቆዳ ቀበቶውን ከመንኮራኩሩ አውርጂው። ከዚያ ማሽኑን ወደ ኋላ ስታጋድሚው በጀርባው በኩል የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ታገኛለሽ። እነሱን ስታላሊ ማሽኑ ከጠረጴዛው ይወጣል። አንድ ሰው ይሸከመዋል። መሳቢያዎቹን ለብቻ አውጪ። የብረቱን እግር ግን ማንም ሰው በትንንሾቹ ጎማዎች ድንጋይ ላይ እንዳይጎትተው። ያ ብረት ከባድ ይምሰል እንጂ ሲመታ ይሰበራል፣ አይጎብጥም። ሁለት ሰው አንስቶ ይሸከመው።

መልስ (ሐይቅ ዳር ከገባን አራት ዓመታችን ነው)

ወንድማችን ሁሉንም ብሎታል። እኔ በእኛ የደረሰውን ልንገርሽ።

እኛ በስልክ የተነገረንን ዋጋ ተቀበልን። ቦታውን ያየ ሰው አልነበረም። መኪናው ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ፊቱ ዞረ፣ ኋላው ግን ዛፍ ነካ። ወደፊትም ወደኋላም አልሆነም። ሹፌሩ አለቃውን ሊጠይቅ ስልኩን ቢያወጣ ኔትወርክ የለም። ኮረብታው ይከልለዋል። እኔ ታች ቤቱ ውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁ፣ እነሱ ላይ ቆመዋል፣ ማንም ማንን ማግኘት አልቻለም። ሦስት ሰዓት እንዲህ አለፈ። ጎረቤቶቻችን ከሥራ ሲመለሱ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ገና ስማቸውን ሳላውቅ ይቅርታ ስጠይቃቸው ዋልኩ።

በመጨረሻ ዕቃው መንገድ ዳር ወረደ። ማታ ዘነበ፣ ሁለት ፍራሽ በሰበሰ። ክፍያው በሰዓት ስለነበር ቆመው የጠበቁበትንም ጠየቁን። ውሉን ባወጣው ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ስለ ካሳው የተጻፈው ደግሞ በዕቃው ክብደት የሚሰላ ነበር። ፍራሽ ስንት ኪሎ ነው? ላፕቶፕስ ቢሆን ምን ይደርስሽ ነበር?

ስለዚህ እህቴ፣ 34ቱ ደረጃ ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ጠጠሩ መግቢያ፣ ትንሹ መኪና፣ የሰው ብዛት ይጻፍ። መኪናው መግባት ቢያቅተው የመጠበቂያውን ሰዓት ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ካሳው በክብደት ነው ወይስ በዕቃው ዋጋ፣ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ። እና አንዳችሁ መግቢያው በር ላይ ቆማችሁ ተቀበሏቸው። ጂፒኤስ ዛፍና ኮረብታ መሀል ሲሳሳት በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ (አጭር አስተያየት)

ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሁለት ፒክአፕ ተከራይታችሁ ጓደኞቻችሁን ሰብስቡ። በሁለት ቅዳሜ ያልቃል።

መልስ (ሹፌር የነበርኩት ነኝ)

ወንድሜ፣ ለካርቶንና ለልብስ ልክ ነህ። ቀለል ያለውን በቤት መኪና ቀድመው ቢያደርሱ ወጪው ይቀንሳል። ፍሪጅና ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ግን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ለጓደኛ አይሰጥም። ከታች የሚይዘው ሰው ነው አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው። ልምድ የሌለው ሰው እግሩ ሲንሸራተት ዕቃውን ልያዝ ይላል። የለመደው ሰው መቼ መልቀቅ እንዳለበት ያውቃል። በዚህ ሥራ ወገቡ የተጎዳ ጓደኛ አለኝ፣ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ቁም ሳጥኑን ፍቱት። በሮቹ ለብቻ፣ መደርደሪያው ለብቻ። ብሎኖቹን በፌስታል አድርጋችሁ በሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። መጽሐፉን በትንንሽ ካርቶን፣ ከ15 ኪሎ ሳይበልጥ። ፍሪጁ ቆሞ ይሂድ። ድንገት በጎኑ ከተኛ ካቆሙት በኋላ ቶሎ ሶኬት ላይ አትሰኩት፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ።

መልስ (በአንድ ሐይቅ ዳር ሰፈር የአስተዳደር ኮሚቴ አባል)

ከእኛ በኩል ሦስት ነገር። ኮሚቴያችሁን አሁኑኑ ጠይቂ። የከባድ መኪና ክብደት ገደብ ወይም ዕቃ ማስገቢያ ሰዓት ሊኖር ይችላል፣ ጥበቃው ደግሞ ስም ዝርዝር ላይ ያላገኘውን መኪና አያስገባም። ሁለተኛ፣ የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን የት እንዳለ የቀድሞውን ባለቤት ጠይቂና ዙሪያውን በገመድ ከልይ። ብዙ ጊዜ ሣር ይሸፍነዋል፣ መኪና ከወጣበት ይሰበራል። ሦስተኛ፣ በጣም በማለዳ አትጀምሩ። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ከሐይቁ ጉም ይነሣል፣ ድንጋዩና ቅጠሉ እርጥብ ይሆናል። እርጥብ ቅጠል ያለበት ደረጃ ላይ እኔ ባዶ እጄን ወድቄአለሁ። ዋዜማውን ደረጃውን ጥረጉት።

ጠያቂዋ ነኝ፣ ከረቡዕ በኋላ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የነገራችሁኝን ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የጠበቅኳቸው።

የመጣችው አንዲት ሴት ናት፣ ሜትር ይዛ። መጀመሪያ ያየችው ቤቱን አይደለም፣ መንገዱን ነው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቆማ በእርምጃ ለካች። እኔ በእንጨቱ የለካሁትን ስነግራት ደስ አላት። ዝቅተኛው ቅርንጫፍ 3 ሜትር ከ60 ነው። "ትልቁ መኪና አይገባም" አለች በግልጽ። ከመግቢያው በር አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ይቆማል። ትንሽ መኪና ያመላልሳል፣ ጠጠሩን ወደ ኋላ እየነዳ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከባዱ ዕቃ በረንዳው አጠገብ ይደርሳል። 34ቱ ደረጃ ለቀላል ነገር ብቻ ይሆናል። አምስት ሰው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ። ሁሉም ውሉ ላይ ተጽፏል፣ የመጠበቂያው ሰዓትም ጭምር። ኮሚቴው የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ተቀብሎናል።

ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ባለቤቴ አልተዋጠለትም ነበር። አብሮኝ ሄዶ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዞ ደረጃውን ወረደ። መታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሲመለስ ውሉን ፈረመ።

የስፌት መኪናውን የምፈታው እኔ ነኝ ብዬ ነበር። እናቴ መፍቻውን ተቀበለችኝ። ሁለቱን ብሎኖች የት እንዳሉ ሳታይ በእጇ አገኘቻቸው። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፣ መሳቢያዎቹን ለየብቻ አሰረች። የቆዳውን ቀበቶ ግን ካርቶን ውስጥ አላስገባችም። ጠቅልላ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።