የ3 ዓመት ልጄ የጆሮ መከላከያ አልቀበል ብላለች፤ ሰርጉ 3 ሳምንት ቀርቶታል

የሳቢያን እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የልጄ አጎት ሰርግ ጥር ላይ እዚሁ ድሬ ነው፤ ድንኳን ተጥሎ፣ በግራና በቀኝ ሞንታርቦ ተተክሎ። ልጄ 3 ዓመት ከ2 ወሯ ነው። ድምፅ ሲበዛ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ስለምታለቅስ፣ ሄድፎን የሚመስለውን የጆሮ መከላከያ ገዛሁላት። ካርቶኑ ላይ ኤስ ኤን አር 25 ይላል፤ ድምፅን በ25 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ይቀንሳል ማለት ነው አሉኝ። ሳደርግላት ግን 5 ሰከንድ አይሞላም፣ መንጭቃ ትወረውረዋለች።

በ3 ሳምንት ማላመድ ይቻላል? ለሰርጉ ሹሩባ ልትሠራ ነው፤ ችግር ይኖረዋል? የ5 ወር ወንድም አላት፣ ለእሱስ? አማቴ ደግሞ "ጥጥ ይበቃል" ይላሉ። ሌላው፣ ከግቢያችን አጠገብ የብረት በር የሚሠራ ቤት አለ፤ ግራይንደሩ ቀኑን ሙሉ ነው። ከለመደችው ቤትም ታድርገው ወይ?

ኦዲዮ ጁገል

ይቻላል። ብዙው ወላጅ መከላከያውን ከቦርሳ የሚያወጣው ዘፈኑ ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ የሚያበላሸውም እሱ ነው። ልጅ በድምፁ ደንግጣ ሳለ ራሷን የሚጨብጥ ነገር ሲመጣባት ሁለቱን አንድ አድርጋ ትይዛቸዋለች። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። ስለዚህ ልምምዱ ጸጥ ባለ ቤት ይጀመር፣ ሰርግ የሚባል ነገርም አይነሳባት።

ለምን እንደምታወልቀው እወቂ። ሁለቱን የጆሮ ክዳኖች በአናት ላይ የሚያያይዘው ቅስት ይጫናታል፤ ይሞቃታል፣ በተለይ በድሬ ቀትር፤ የገዛ ድምፅዋ በርሜል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ይሆንባታል። ሰው የሚረሳው ግን የእናቷ ድምፅ ድንገት የሚርቅባት መሆኑን ነው። ለ3 ዓመት ልጅ እሱ ብቻውን በቂ ማስፈራሪያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከጀርባዋ ሆነሽ አታድርጊላት፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ በይ፣ ዓይንሽን እያየች ይሁን።

የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ምንም አታድርጊላት። ከመጫወቻዎቿ ጋር ጣይው። ለአሻንጉሊቷ አድርጊላት፣ ለራስሽ አድርጊ፣ አባቷ ቡና ሲጠጣ አድርጎ ይቀመጥ። ስትነካው አትጨብጭቡ፤ ትኩረት ሲበዛ ትጠረጥራለች።

ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ቅስቱን ራሷ ላይ ሳታሳርፊ ሁለቱን ክዳኖች በእጅሽ ይዘሽ ጆሮዋ ላይ አስጠጊ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለሽ አንሺ። ሦስት ካልሽ ሁልጊዜ ሦስት ላይ ይነሳ፤ "ትንሽ ጨምሪ" ብለሽ አንዴ ካታለልሻት ወደ ኋላ 3 ቀን ትመለሻለሽ። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል፣ እያንዳንዱ ከ1 ደቂቃ አይለፍ።

ሳምንቱ ሲሞላ ቅስቱን ራሷ ላይ አሳርፊ፦ 5 ሰከንድ፣ በማግስቱ 10፣ ከዚያ 30። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ፦ እሷ ከማውለቋ በፊት አንቺ አውርጂው። ታግላ ካወለቀችው መታገል እንደሚያዋጣ ተማረች ማለት ነው። ሳትታገል ከወረደላት ግን መጨረሻ ያለው ነገር መሆኑን ታውቃለች። 20 ሰከንድ ላይ መቁነጥነጥ ከጀመረች የነገው ልምምድ 15 ላይ ይቁም።

ድምፅዋ ሲለወጥባት ጨዋታ አድርጊው። አድርጋው ሳለ እንደ ጅብ ትጩህ፤ ውስጥ ወፍሮ ስለሚሰማት ልጆች ይህን ይወዱታል። ወይም የባቡር ሹፌር ትሁን፤ "ባቡሩ ሊነሳ ነው" ሲባል ታደርጋለች፣ "ለገሃሬ ባቡር ጣቢያ ደረስን" ሲባል ታወልቃለች። ለድሬ ልጅ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 5 ደቂቃ ላይ ድረሱ። በዚያን ጊዜ እጇ ሥራ ይያዝ፦ ሊጥ፣ ጭቃ፣ ስዕል። እጇ ባዶ ከሆነ የሚሄደው ወደ ጆሮዋ ነው። ሰዓቱ ጠዋት ወይም ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን፤ በላብ የተጣበቀ የክዳኑ ትራስ (ጆሮ ዙሪያ የሚያርፈው ለስላሳ ክፍል) የሁለት ሳምንት ልፋት ያበላሻል።

በሦስተኛው ሳምንት ድምፅ ጨምሪ፣ ግን አስቀድማ የምታውቀው ይሁን። ጁስ መፍጫው ከሌላ ክፍል፣ ከዚያ ከ3 ሜትር። ማስነሻውን ራሷ ብትጫነው ይሻላል፤ ድምፁን ያመጣችው እሷ ስትሆን አያስደነግጣትም። ቀጥሎ ወፍጮ ቤት፣ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ፣ 10 ደቂቃ።

ምልክት ደግሞ ተስማሙ፤ አትሰማሽማ። ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታ ማድረግሽ "እዪኝ"፣ እጅ ጆሮ ላይ ማድረግ "ላውልቅ"። "ላውልቅ" ካለች ሰርጉ መሃል ቢሆንም ይዘሻት ውጪ፣ ውጭ አውልቂላት። የሚሰማት ሰው እንዳለ ካወቀች ራሷ አትነቅለውም።

ሴፍቲ ከዚራ

ኦዲዮ ጁገል ያለው ላይ ስለ ዕቃው ልጨምር።

የካርቶኑ 25 ላብራቶሪ ውስጥ፣ በትክክል ተደርጎ የተለካ ነው። በተግባር 15 አካባቢ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ትራሱ ቆዳ ላይ ካልገጠመ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ 25ን ትቶ 30 ፍለጋ ታይዋን ገበያን ከማዳረስ ያለው በደንብ እንዲገጥም ማድረግ ይሻላል። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ብዙውን ጊዜ ከባድና ጥብቅ ነው፣ ልጅ ደግሞ ያን አይችልም።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ክዳኖቹን እስከ ታች ሳቢያቸው፣ የጆሮዋ ቅጠል በሙሉ ውስጥ ይግባ፣ የጆሮ ጫፍ ታጥፎ ከትራሱ ሥር አይቅር። ከዚያ ክዳኑን ይዘሽ ቅስቱን አናቷ እስኪነካ ወደ ታች ግፊ። ቅስቱና አናቷ መሃል ክፍተት ካለ ክዳኑ በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ከጆሮ ሥር ይከፈታል። በመጨረሻ በጣትሽ የትራሱን ዙሪያ ዳሺ፤ ጣት የሚያስገባ ቦታ ካለ ድምፅም ይገባል። በመጀመሪያ የሚያልፈው ቤዙ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ ነው፣ የሰርግ ሞንታርቦ ደግሞ አብዛኛው ጉልበቱ እሱ ነው።

ሹሩባ ችግር አለው። ጉንጉኑ ከጆሮ ኋላ ከትራሱ ሥር ካለፈ እያንዳንዱ ጉንጉን አንድ ቦይ ይሆናል። ለሠሪዋ ንገሪያት፦ ከጆሮ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ተስቦ አናት ላይ ይሰብሰብ። አናት ላይ ግን ጓል ሆኖ አይቋጠር፣ ቅስቱ አያርፍም። ዶቃም ቅስቱ በሚያልፍበት መስመር አይሁን፣ ይወጋታል። ሂጃብ ወይም ሻሽ ለሚያደርጉ ልጆች መከላከያው ከሥር፣ ጨርቁ ከላይ። ትልቅ የጆሮ ጌጥም ይውለቅ።

አዲስ ዕቃ ሲጠብቅባት ከራሷ ትንሽ ሰፋ ያለ የካርቶን ሳጥን ላይ ወጥረሽ አንድ ሌሊት አሳድሪው። በእጅ አታጣሚው፤ አንዴ ከተጣመመ አንዱ ጆሮ ላይ ይላላል።

ትራሱን በለዘበ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። አልኮል ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል። ውስጡ ያለው ስፖንጅ አይታጠብ፣ አይውጣም። በድሬ ፀሐይ መኪና መስታወት ሥር መተው ደግሞ ዕቃውን መጣል ነው።

አንድ ስሌት ልተውልሽ። 25 የሚቀንስ መከላከያ ከጠቅላላው ሰዓት አንድ አሥረኛውን ቢወልቅ፣ አማካይ ጥበቃው ከ10 በታች ይወርዳል። በ4 ሰዓት ሰርግ ውስጥ አንድ አሥረኛ ማለት 24 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሞንታርቦው አጠገብ "ለፎቶ ብቻ" እየተባለ አይወለቅ።

ባለ ሞንታርቦ

አቦ፣ ስለ መቀመጫ ማንም አላነሳም! ከስፒከሩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን በሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ2 ሜትር ወደ 8 ሜትር ብትሄዱ 12 ነው። ድንኳን ውስጥ ከዚህ ያንሳል፣ በተለይ ከጀርባ ግንብ ካለ፣ ግን ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ነው።

ከፊት አትቀመጡ። ቀጭኑ ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ከጎንና ከኋላ ብዙ ይቀንሳል። ቤዙ ግን በሁሉም በኩል ይሄዳል፤ ስለዚህ "ከኋላው ነን" ብላችሁ ተደግፋችሁት አትቀመጡ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሞንታርቦ በእግር ላይ ሲቆም ቀንዱ (ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣበት አፍ) ከአዋቂ ራስ ከፍ ይላል። ልጅ መሬት ላይ ስትሆን ከመስመሩ ሥር ናት። አጎት ትከሻው ላይ አውጥቶ ሲጨፍር ግን ጆሮዋን በቀጥታ ቀንዱ ፊት አመጣው። ሙሽሮች ሲገቡ ድምፁ ከፍ የሚልበትም፣ ልጆች ትከሻ ላይ የሚወጡበትም ያው ሰዓት ነው። ለዲጄው ቀድማችሁ ብትነግሩት መግቢያው መቼ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ከ5 ደቂቃ በፊት አድርጉላት።

የሳቢያን እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትከሻውን አላሰብኩትም ነበር። የሕፃኑና የጥጡ ነገርስ? የብረት ቤቱስ? አንድ ጎረቤት ደግሞ "ስልክ ስጫት፣ ሄድፎን አድርጋ ካርቱን ትይ፣ ትለምዳለች" አለችኝ።

ኦዲዮ ጁገል

ጥጥ አይበቃም። አየር ያሳልፋል፣ ድምፅም አብሮ ያልፋል፤ ጥቂት ዴሲቤል ነው የሚቀንሰው። ተቆርጦ ጆሮ ውስጥ ይቀራል፣ ልጅም ታወጣና ትውጠዋለች። ቢጫው የስፖንጅ መድፈኛም ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፦ ቀዳዳቸው ጠባብ ነው፣ ዕቃው ደግሞ ለመታነቅ ልክ ነው። ለአማትሽ ስታስረጂ "ጥጥ ስህተት ነው" ከምትያቸው "ጆሮዋ ውስጥ እንዳይቀርባት ፈራሁ" በያቸው፤ በዚያ ይስማማሉ።

ለ5 ወሩ ልጅ የመጀመሪያ ምርጫ ድንኳኑ ውስጥ አለመግባት ነው። ከሰው ጋር ጓሮ ያለ ክፍል ይቆይ፣ ስታጠቢ ሂጂ። መግባት ግድ ከሆነ ለጨቅላ የተሠራ፣ በሰፊ ለስላሳ ላስቲክ የሚታሰር ይሁን፤ ጠንካራ ቅስት ለሕፃን ራስ አይሆንም። በየ20 ደቂቃው ጸጥ ያለ ቦታ አውርጂ፣ ቆዳውን እዪ፣ ላቡን ጥረጊ። አድርጎ አይተኛ፤ ሲዞር ላስቲኩ ወደ ፊቱና ወደ አንገቱ ሊንሸራተት ይችላል። ከሁለቱ ልጆች የአንዱ ጆሮ ፈሳሽ ካለው ወይም ካመመው አይከደን፣ መጀመሪያ ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

የስልኩን ነገር አልስማማበትም። ተራ የሙዚቃ ሄድፎን የውጭውን ድምፅ ብዙም አይከላከልም፤ እሷ ካርቱኑን ለመስማት ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፣ ሁለት ጩኸት ተደመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ማዳመጫ ያስቀመጠው ልክ 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚሁ ሂሳብ 100 ዴሲቤል ላይ የሳምንቱ ድርሻ ወደ 7 ደቂቃ ይወርዳል። መከላከያው በእውነት 15 ከቀነሰ ወደ 4 ሰዓት ይሆናል።

ሴፍቲ ከዚራ

ጎረቤትሽን ልደግፋት ትንሽ። ካርቱን ያለ ሄድፎን፣ መከላከያውን አድርጋ፣ ስልኩ ፊቷ ተቀምጦ ሥዕሉን ብቻ ብታይ ከ30 ሰከንድ ወደ 5 ደቂቃ ለመሻገር ይረዳል። ሽልማት ካስፈለገ ቁራጭ ጣፋጭ፣ ለምሳሌ ሙሸበክ፣ ይሻላል የሚል ካለ እጇን ተመልከቱ፦ በዘይትና በስኳር የራሰ ጣት ትራሱን ይነካል፣ ከዚያ ማንሸራተት ብቻ ነው።

ለብረት ቤቱ፦ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አታድርጊላት። በ3 ዓመቷ ቋንቋ የምትማረው ከምትሰማው ነው፣ ጸጥታ የለመደ ጆሮ ደግሞ ተራውን ድምፅ መፍራት ይጀምራል። መለኪያሽ ይህ ይሁን፦ በክንድ ርቀት ቆመሽ ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ ካወራሻት አያስፈልግም። መጮኽ ካስፈለገሽ ቦታው 85 ገደማ ደርሷል፤ መጀመሪያ ቦታ ቀይሩ። መጫወቻዋን ከግቢው በር ወደ ጓሮ ክፍል አዙሪ፣ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዝጊ። ሠራተኞቹን ደግሞ መቼ እንደሚቆርጡ ጠይቂያቸው። ብየዳው ያን ያህል አይደለም፤ ጆሮ የሚበላው የግራይንደሩ ዲስክ ነው፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ መቁረጡን በአንድ ሰዓት ሰብስቦ ነው የሚሠራው።

ከሰርጉ ስትወጡ መንገድ ላይ አውልቂላት። አድርጋው ሳለ የባጃጅ ጥሩምባ አትሰማም፤ እጇን ይዘሽ ብቻ ተሻገሪ።

የሳቢያን እናት

ገባኝ። ዛሬ ለአሻንጉሊቷ አድርጌላታለሁ። አንድ የቀረኝ፦ በሁለተኛው ሳምንት ብትታመም ወይም ብናቋርጥ ከዜሮ ነው?

ኦዲዮ ጁገል

አይደለም። ለ2 ወይም 3 ቀን ካቋረጣችሁ ከደረሳችሁበት ግማሽ ጀምሩ፤ 2 ደቂቃ ላይ ከነበራችሁ 1 ደቂቃ። ጉንፋን ከሆነ አፍንጫዋ እስኪከፈት ጠብቂ፤ ጆሮዋ ተደፍኖ ሳለ ክዳን ሲጨመርበት ይከብዳታል፣ ያን ቀን የያዘችው ጥላቻ ከጉንፋኑ ይቆያል።