የ2 ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ ጋር አብሮ የማይጫወተው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጅ ከሌሎች ልጆች አጠገብ ተቀምጦ ለብቻው መጫወቱ ጤናማ ነው? መጫወቻ ማካፈልንስ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ እንጠብቅ?

መልስ 1፦ ጤናማ ነው። የልጆችን ጨዋታ ያጠናችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ሚልድረድ ፓርተን በ1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት ይህን "ጎን ለጎን ጨዋታ" ብላ ለይታዋለች። ልጁ ብቻውን ያለ ይምሰል እንጂ አጠገቡ ያለውን በዓይኑ እየተከተለ ይኮርጃል። ሥራ ተከፋፍሎ መጫወት የሚጎለብተው ከ4 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ አንድ እኩያ ብቻ ጋብዙ፤ ከአንድ ዓይነት መጫወቻ ሁለት ሁለት አቅርቡ፤ ሳይደክማቸው በ30 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ።

መልስ 2፦ "አካፍል!" ብሎ ከእጁ መንጠቅ ትልቁ ስህተት ነው። የተወሰደበት ነገር እንደሚመለስ ገና አያምንም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ከማካፈል በፊት ተራን አስተምሩ። ኳስ እያንከባለላችሁ "አሁን የኔ ተራ፣ አሁን ያንተ" በሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከጥቂት ሰከንድ አይለፉ። መጫወቻው ሲመለስለት ደጋግሞ ማየቱ ነው የሚያረጋጋው። እጅግ የሚወደውን ግን እንግዳው ሳይመጣ አንሱለት።

መልስ 3፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ብቻውን መጫወቱ አያስጨንቅም። በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ በ18 ወሩ የወደደውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ ወይም የለመደውን ቃል የተወ ልጅ ግን ሳይዘገይ ለሕፃናት ሐኪም ይታይ። የመስማት ምርመራውም አይዘለል፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ሰው የማይፈልግ ይመስላል።