ሥነ ልሳን ላጥና ወይስ ልተወው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የአዘዞ ተማሪ
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ሲሆን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምሞላበትን ቀን እየተጠባበቅሁ ነው። የሰዋስው ትምህርት ስለምወድ ሥነ ልሳን፣ ማለትም ሊንጉስቲክስ፣ ለማጥናት አስቤአለሁ፤ አባቴ ግን «ቋንቋ ለመቻል ዩኒቨርሲቲ መግባት ለምን ያስፈልጋል? ሕግ ይሻልሻል» ይሉኛል። ትምህርቱ በእርግጥ ስለ ምንድን ነው? ብዙ ቋንቋ አለመቻሌስ ያግደኛል? ሥራስ ይገኝበታል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የቋንቋ መምህር
እኅቴ፣ ትምህርቱ ቋንቋ መልመድ ሳይሆን ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ስለሆነ፣ አማርኛሽና በትምህርት ቤት የቀሰምሽው እንግሊዝኛ ለመነሻ ይበቁሻል። የድምፆችን አፈጣጠርና ሥርዓት፣ የቃል ምሥረታን፣ የዐረፍተ ነገር አወቃቀርንና ፍቺን ትማሪያለሽ፤ የቋንቋዎች ዝምድናና የመስክ ጥናትም ይከተላሉ። የኮርስ ስም ከምደረድርልሽ ግን ራስሽን የምትፈትሺበት ጥያቄ ልስጥሽ። «ቤት» ሲበዛ «ቤቶች»፣ «በግ» ሲበዛ «በጎች» ይሆናል፤ «በሬ» ግን «በሬዎች»፣ «ዶሮ» ደግሞ «ዶሮዎች» ይባላል፤ «ውሻ» ሲበዛ «ውሾች» ሲባልም እንሰማለን። ልዩነቱ ከየት መጣ? ምክንያቱን እስክታገኚው ድረስ ዕረፍት የሚነሳሽ ከሆነ ትምህርቱ ይስማማሻል፤ «ልማድ ነው» ብለሽ የምታልፊው ከሆነ ግን የአባትሽን ምክር አትናቂው።

የአዘዞ ተማሪ
አመሰግናለሁ፣ መምህር። እንደ መሰለኝ ቃሉ በተነባቢ ሲያልቅ «ኦች»፣ በአናባቢ ሲያልቅ «ዎች» ይጨመርበታል። «ውሾች» ግን ከዚህ ደንብ ወጣብኝ።

የቋንቋ መምህር
ደንቡን አንድ ደረጃ ከፍ ብታደርጊው አይወጣም። አማርኛ ሁለት አናባቢዎች ሲጋጠሙ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል፤ የሚሸሸውም አንድም በመካከላቸው «ው»ን በማስገባት፣ አንድም አንዱን አናባቢ በመጣል ነው። «በሬዎች» የመጀመሪያውን፣ «ውሾች» ሁለተኛውን መንገድ ይዘዋል። «ቤቱ» እያልን «በሬው» የምንለው ለምን እንደሆነም አሁን ሳይገባሽ አይቀርም። በአራቱም ዓመታት የምትሠሪው ይህንኑ ነው፤ የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮችን በአንድ ምክንያት ማሰር።

መልስ፦ የቅኔ ቤት ልጅ
እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ግስ ሳወርድና እርባ ቅምር (የግእዝ ሰዋስው ትምህርት) ስማር ስላደግሁ፣ ስለ ግሥ ሥርና ስለ እርባታ የሚሰጠው ኮርስ እንግዳ አልሆነብኝም። የከበደኝ ሌላ ነው፤ የቅኔ ቤቱ ሰዋስው ትክክለኛውን አነጋገር ለማስጠበቅ የቆመ ሲሆን፣ ሥነ ልሳን ግን የገጠሩን ሰው አነጋገርም ሆነ የሬዲዮውን አማርኛ አንዱን ከአንዱ ሳያበላልጥ ይመረምራል። «ይህ ስሕተት ነው» ማለት የሚቀናሽ ከሆነ፣ ሳታበላልጪ መመርመርን ከአሁኑ ብትለማመጂ ይሻላል።

መልስ፦ በትርጉም ሥራ ላይ ያለሁ
ሥራን በተመለከተ፣ ማስታወቂያ ላይ «ሥነ ልሳን የተመረቀ» የሚል ቃል ዘወትር እንደማታገኚ ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል። ተመራቂዎች የሚቀጠሩት በማስተማር፣ በትርጉም፣ በመገናኛ ብዙኃን፣ በመዝገበ ቃላትና በመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ነው። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ትግርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ስለወሰነ፣ ከእነዚህ አንዱን ጨምሮ ማወቅ ለተርጓሚ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ኮምፒዩተር አማርኛን እንዲረዳ የሚሠሩ ሰዎችም የሥነ ልሳን ዕውቀት ይሻሉ፤ ነገር ግን ፕሮግራሚንግ ካልታከለበት እዚያ በር ላይ መቅረት አለ።

የአዘዞ ተማሪ
የት መማር ይሻለኛል? ከጎንደር ሳልርቅ የምጀምረው ነገርስ አለ?

የቋንቋ መምህር
የትምህርት ክፍሉ በየዩኒቨርሲቲው የሚገኝ ባለመሆኑ ምርጫ ከመሙላትሽ በፊት አጣሪ፤ አንጋፋው ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ነው። ያ ካልተሳካ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ገብተሽ የሥነ ልሳን ኮርሶችን ትወስጃለሽ፤ በሁለተኛ ዲግሪም ወደ ሥነ ልሳን መሻገር ይቻላል፤ ብዙዎች ያለፉበት መንገድ ነው። እስከዚያው የባየ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» ፈልገሽ አንብቢ፤ የመጀመሪያው እትም የ1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስለ ምዕላድ (ትርጉም ስላለው ትንሹ የቃል ክፍል) እና ስለ ሐረግ አወቃቀር የምትማሪውን በአማርኛ ያስረዳሻል።

ከጎንደር ሳትርቂ ለሚለው ደግሞ፣ በስተምዕራብ ጭልጋ አካባቢ የሚነገረው ቅማንትነይ ከአውጊ፣ ከኽምጣንጋና ከብሌን ጋር የአገው ቤተሰብ ቋንቋ ሲሆን፣ ተናጋሪዎቹ በዕድሜ የገፉና ጥቂት ናቸው። ዘላለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ሰዋስውንም፣ ቋንቋው ለአማርኛ ቦታ እንዴት እየለቀቀ እንደሄደም ይተነትናል። የሚናገሩ አባት ወይም እናት ካገኘሽ፣ አስቀድመሽ ዓላማሽን ነግረሽ ካስፈቀድሽ በኋላ የአካል ክፍሎችን፣ የቤተ ዘመድ ስሞችንና ቁጥሮችን በስልክሽ ቅረጪ፤ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግሚ፤ የተቀረጸውንም ቅጂ ለእሳቸው ወይም ለልጆቻቸው መስጠት አትርሺ።