ሕንድ ወስዶ የሚያሳክም ኤጀንት አገኘን፤ ብር ከመክፈላችን በፊት ምን እንጠይቀው? (ባሕር ዳር)

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። እህቴ 24 ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ሕመም አለባት፣ የወር መርፌም ትወጋለች። አሁን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥታ ቫልቯ (የልቧ የደም በር) መጥበቡን ነገሩን፣ ለአዲስ አበባም ሪፈር ጻፉላት። በዚህ መሀል በሰው በሰው አንድ ኤጀንት አገኘን። «ሕንድ ወስጄ ቫልቯን አስቀይሬ እመልሳታለሁ» ይላል። ቪዛ፣ ቲኬት፣ ሕክምና፣ ማረፊያ ሁሉንም በጥቅል ዋጋ ነገረን። 60 ሺህ ብር ቅድሚያ ይፈልጋል። የሆስፒታሉን ስም ግን የምነግራችሁ ከከፈላችሁ በኋላ ነው አለ። አባታችን ዘጌ ያለንን የቡና መሬት ለመልቀቅ ሰው እያነጋገረ ነው። እንመነው? ምን እንጠይቀው?

ግዮን ማዶ፦
ወንድሜ፣ የሆስፒታሉን ስም ሳይነግርህ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጠው። ስሙን የሚደብቀው እናንተ በቀጥታ እንዳትጽፉላቸው ይመስለኛል። ትልልቆቹ የሕንድ ሆስፒታሎች የውጭ ታካሚዎችን ብቻ የሚያስተናግድ ክፍል አላቸው። ሪፖርቷን በኢሜይል ብትልክላቸው ሐኪማቸው አይቶት ምን እንደሚደረግላት፣ ስንት ቀን እንደምትተኛና ግምታዊ ዋጋውን ይጽፉልሃል። ከሁለት ሦስት ቦታ አስልክና አወዳድር።

ኤጀንት ሁሉ አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ከአገር ወጥቶ ለማያውቅ ቤተሰብ ደህና ኤጀንት ትልቅ እገዛ ነው። ወረቀት ያሟላል፣ ለቪዛ የሚሆነውን የሆስፒታል ደብዳቤ ያስልካል፣ ኤርፖርት ሰው ያቆማል፣ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉም ለላከው ታካሚ ኮሚሽን ይከፍለዋል። ስለዚህ ፊት ለፊት ጠይቁት፦ ከሆስፒታሉ ምን ታገኛለህ? ከእኛ የምትወስደውስ ለየትኛው ሥራ ነው? ቪዛ ቢከለከል ብሩ ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። የሕክምናው ገንዘብ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ አካውንት ይግባ፣ በእሱ እጅ አይለፍ።

ሲስተር ከባሕር ዳር፦
ነርስ ነኝ። ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። «ቫልቩ ይቀየር» ያለው ማን ነው? ሐኪሟ ወይስ ኤጀንቱ? የጠበበ ቫልቭ ሁሉ አይቀየርም። ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ከሆነ፣ ክፉኛ ካልተጎዳ፣ ደም ወደኋላ ብዙ ካላፈሰሰና ልቧ ውስጥ የረጋ ደም ከሌለ ደረቷ ሳይከፈት በፊኛ (ባሉን) ሊሰፋ ይችላል። በብሽሽት ደም ሥር በቀጭን ቱቦ ገብተው ነው የሚሠሩት። የልብ ሐኪሟን ይህን በስሙ ጠይቁት።

መቀየሩ ግድ ከሆነም ሁለት ዓይነት ቫልቭ አለ። ሜካኒካሉ ረጅም ዘመን ይቆያል፣ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ያስውጣል። ዋርፋሪን ደግሞ ለጽንስ አደገኛ ነው። ከእንስሳ የሚሠራው ዋርፋሪኑን ዕድሜ ልክ አይፈልግም፣ በወጣት ሰው ላይ ግን ቶሎ ያረጅና ሌላ ቀዶ ሕክምና ያመጣል። እህትህ መውለድ ትፈልግ እንደሆነ ማንም ጠይቋታል? በጥቅል ዋጋ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚያልፍ ነገር አይደለም። እሷ ራሷ ከሐኪሟ ጋር ቁጭ ብላ ትወስን።

ጠያቂ፦
ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጮኛ አላት፣ መውለድም ትፈልጋለች። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አላነሣልንም። ኤጀንቱን ከተመለሰች በኋላስ ስለው «እሱ ቀላል ነው» ብሎ አለፈው።

ቼናይ የከረመች፦
እሱማ ዋናው ነው! እናቴን ቫልቭ ለማስቀየር ሕንድ፣ ቼናይ ከተማ ይዣት ሄጄ ነበር። ኤጀንታችን ደህና ሰው ነበር፣ ስንመለስም ይደውል ነበር። አስተርጓሚው ግን አስቸገረን። ሐኪሙ ቆሞ ብዙ ያስረዳል፣ አስተርጓሚው ዞር ብሎ «ደህና ነሽ ይሉሻል» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የሐኪሙን ምክር በጽሑፍ ይሰጡን ጀመር። እናንተም እንደዚያ ጠይቁ። ስትወጡ የመውጫ ማጠቃለያውን፣ የቫልቩን ዓይነት የሚናገረውን ካርድና የኢኮውን ሲዲ ሳትይዙ እንዳትነሡ።

ዋርፋሪን ከጀመረች አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋታል። ባሕር ዳር የት እንደሚሠራና ውጤቱን አይቶ መድኃኒቱን የሚያስተካክልላት ሐኪም ማን እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት እወቁ። ምግብም ለውጥ አለው። እናቴ ጾም ሲገባ ጎመን ታበዛለች፣ ያኔ ውጤቷ ይወርዳል። ጎመን ተዪ አላሏትም፣ በጾሙም በፍስኩም መጠኑን አታለዋውጪ ነው ያሏት።

ፖሊ ሰፈር፦
ስለ ወረቀቱ ልጨምር። ለሕክምና የውጭ ምንዛሪ ስትጠይቁ ባንክ የሜዲካል ቦርድ (የሐኪሞች ቦርድ) ማስረጃና የሆስፒታሉን የዋጋ ደብዳቤ ሊፈልግ ይችላል። ቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። ለሕንድ እሷ በሜዲካል ቪዛ ትገባለች፣ አስታማሚ ደግሞ በራሱ ቪዛ ነው፣ እስከ ሁለት የቅርብ ዘመድ ይፈቀዳል። ሆስፒታሉ የሆስፒታል ጥራት ከሚመዝኑት ከዓለም አቀፉ ጄሲአይ ወይም ከሕንዱ ኤንኤቢኤች ዕውቅና እንዳለው ከራሳቸው ከዕውቅና ሰጪዎቹ ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል። የኤጀንቱ ብሮሹር አይበቃም።

አባትህንም ለምነው፣ የሆስፒታል ዋጋ በእጃችሁ ሳይገባ ቡናውን እንዳይለቅ። አሁን ከለቀቀው በችኮላ ዋጋ ነው የሚሄድበት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ኢኮውን በሲዲ አስወጥቼ ሐኪሟ ጋ ይዣት እገባለሁ፣ ስለ ፊኛውም እጠይቃለሁ። አባታችንም ትንሽ እንዲቆይ ተስማምቷል። የወር መርፌውስ? ኤጀንቱ ቫልቩ ከተቀየረ አያስፈልጋትም ብሏታል።

ሲስተር ከባሕር ዳር፦
በፍጹም እንዳታቋርጥ! መርፌው በሽታው እንዳያገረሽ ነው የሚሰጠው፣ ቫልቩ ቢሰፋም ቢቀየርም ይቀጥላል። የሚያቆመው ሐኪሟ ብቻ ነው። የዚህ ወር ቀጠሮዋ ደርሶ ከሆነ ነገ አብራችሁ ጨርሱት።