ቤት ለመሥራት፦ ደብረ ማርቆስ ወይስ ባሕር ዳር?

ጠያቂ፦ የሁለቱን ደግና ክፉ ጎን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

መላሽ፦ ማርቆስ ደጋ ነው፤ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወባ እምብዛም አያሰጋም። ጤፉም ቅቤውም ቅርብ ነው። አስቸጋሪው ዋልካ መሬት ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። ቦታው ዋልካ ከሆነ አፈሩ ተቆፍሮ ይውጣ፤ በምትኩ የማያብጥ የተመረጠ አፈር በስሱ እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ ይሞላ። የጣራው ውኃ በአሸንዳና በቦይ ከመሠረቱ ይራቅ፤ ብዙ ሰው ይህን ይንቃል። ወንድሜ፣ ቦታውን በመጋቢት እየው፤ ስንጥቁ ያኔ አይደበቅም።

ሌላ መላሽ፦ ማርቆስ ላይ ከከፍታው የተነሣ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም፤ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው።

ሦስተኛ መላሽ፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ነው፤ ሞቅ ይላል፣ ጣናም አለ፣ ዓሣም አይጠፋም። ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። አጎበሩ ጫፉ ፍራሽ ሥር ካልገባ ከንቱ ነው።